ቁጭ ያለ ሃይሉክስ፦ ከየትኛው ዕቃ ጋር ስንት ሚሊ ተነሳ

መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2005 በፊት የነበረው ሞዴል። ፊቱ በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ)፣ ኋላው በባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የጎበጡ የብረት ደርቦች) ይቆማል። ሥራው ከቡሬ ዙሪያ በቆሎና ስንዴ ማመላለስ ነው፤ አንዳንዴም በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጎ አባይ በረሃን ይሻገራል። ቅሬታው፦ ግራ ኋላው ቁጭ ብሏል፣ ሲጫን ከታች ያንኳኳል፣ ፊቱም ወደ ግራ አጋድሏል።

ዕቃው ሁሉ በአንድ ቀን ተቀይሮ መጨረሻ ላይ ቢለካ የትኛው ምን እንዳደረገ አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ከተገባ በኋላ ለብቻው ተለክቷል። ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ሜትር ናቸው።

ህዳር 3፣ መነሻ ልኬት

የግቢው ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ደረጃ ግን አይደለም። ግንበኞች በሚሠሩበት ውሃ በተሞላ ቀጭን ላስቲክ ሲታይ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ ጎማ የ14 ሚሊ ልዩነት ተገኘ። በጎማዎቹ ሥር ጣውላና ላሜራ እየተደረበ ልዩነቱ ወደ 2 ሚሊ ወረደ። ይህ ሳይደረግ «መኪናው ዘንብሏል» የሚል ሰው የለካው መኪናውን ሳይሆን ወለሉን ነው።

ሁኔታው፦ የጎማ አየር ግራና ቀኝ እኩል፣ ነዳጅ ግማሽ ሳልቫታዮ፣ መለዋወጫ ጎማ በቦታው፣ ጭነትና ሹፌር የለም። ልኬቱ ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ) ጠርዝ ነው። ከመሬት ከተለካ ጎማውም ይቆጠራል፤ ጥርሱ ከ8 ሚሊ ወደ 2 ሚሊ ያለቀ ጎማ መኪናውን 6 ሚሊ ዝቅ ያደርገዋል፣ ባሌስትራው ግን ምንም አልሆነም።

ፓራፋንጎም ይዋሻል። ተጋጭቶ የተቀጠቀጠ ከሆነ ጠርዙ ሊወርድ ወይም ሊነሳ ይችላል። ለማመሳከሪያ ከኋላ አክስሉ እስከ ሻንሲው መምቻ ጎማ (አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚከላከለው ጎማ) ያለው ክፍተትም ተለክቷል።

አንድ ማሳሰቢያ። መኪና በክሪክ ተነስቶ ሲወርድ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚያርፉ ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት የእጅ ፍሬኑ ተለቆ መኪናው 4 ሜትር ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ ፊቱም ኋላውም ሦስት ሦስት ጊዜ ይጨፈለቃል። እንዲህ ተደርጎ ሦስት ጊዜ ሲለካ ቁጥሮቹ በ2 ሚሊ ውስጥ ይገናኛሉ። እንግዲህ ከ2 ሚሊ በታች የሆነ ለውጥ እንደ ለውጥ አይቆጠርም።

ፊት ግራ 462፣ ፊት ቀኝ 471፣ ኋላ ግራ 478፣ ኋላ ቀኝ 497።
የመምቻ ጎማ ክፍተት፦ ግራ 38፣ ቀኝ 57። የፓራፋንጎው ልዩነት 19፣ የክፍተቱም 19። ቆርቆሮው እውነቱን ተናግሯል።

ቀጥሎ የጭነት ሙከራ። ሁለት ኩንታል በቆሎ ልክ ከአክስሉ በላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ጎን 100 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። ግራው 25፣ ቀኙ 22 ሚሊ ወረደ። 100 ለ25 ሲካፈል ለአንድ ሚሊ 4 ኪሎ፣ 100 ለ22 ሲካፈል 4.5 ኪሎ ግድም ይሆናል። ግራው ዝቅ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ለስልሷልም፤ እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ ልዩነታቸው ባሌስትራው ሲፈታ ይታያል። አራት ኩንታል ሲሞላ ግራው መምቻ ጎማው ላይ አረፈ። ማንኳኳቱ ከዚህ ነው።

ህዳር 4፣ ሾክ አብዞርበር

ሆን ተብሎ ከሾክ ተጀመረ። ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄዶ «መኪናዬ ቁጭ አለ» ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ሾክ ስለሆነ፣ ለብቻው ምን እንደሚያመጣ በቁጥር ይታይ ተባለ። አራቱም ተቀየሩ። የድሮዎቹ ዘይት አፍስሰዋል፣ የኋላ ግራው በእጅ ሲገፋ እንደ ቢስክሌት ፖምፓ ይሄዳል። አዲሶቹ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ያለባቸው ባለ ድርብ ቱቦ ናቸው።

ፊት፦ ከ1 ሚሊ ያለፈ ለውጥ የለም። ኋላ ግራ 479፣ ኋላ ቀኝ 499።

አንድና ሁለት ሚሊ፣ ማለትም ከልኬት ስህተት የማይለይ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ አዲሱን ሾክ አቁሞ ዘንጉን ወደ ታች ለመግፋት 8 ኪሎ በቃው። 8 ኪሎ በ4.5 ሲካፈል 2 ሚሊ አይሞላም፤ ሾኩ አጋድሞ ስለሚታሰርም ከዚያ ያንሳል። ሾክ የሞላን ወይም የባሌስትራን መወዛወዝ ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

ለዚህ ደንብ ሁለት ልዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከፍተኛ ግፊት ያለው ባለ ነጠላ ቱቦ ሾክ ነው። ዘንጉ 14 ሚሊ ውፍረት፣ የጋዙ ግፊት 20 ባር ቢሆን ወደ 31 ኪሎ ይገፋል። ሞላው ለአንድ ሚሊ 2 ኪሎ ብቻ በሚሆን ቀላል የቤት መኪና ላይ ይህ 15 ሚሊ ያነሳል፤ በዚህ ሃይሉክስ ኋላ ላይ ግን 7 ሚሊ ቢሆን ነው። ሁለተኛው እንደ ኮሮላና ቪትዝ ያሉ መኪኖች ፊት ነው። እዚያ ሞላው የሚቀመጠው ሾኩ ላይ በተበየደው ሳህን ስለሆነ፣ ሳህኑ ከድሮው 10 ሚሊ ከፍ ብሎ የተበየደበት ሾክ ቢገባ መኪናው ያንኑ ያህል ይነሳል። ስለዚህ ለእነዚህ መኪኖች አዲሱና የድሮው ሾክ ጎን ለጎን ቆመው፣ ከታችኛው ቡሎን ቀዳዳ እስከ ሳህኑ ያለው ርቀት ሳይለካ መግጠም አይገባም።

ህዳር 5፣ ባሌስትራ መፍታት

ሻንሲው ከባሌስትራው የፊት ጫፍ ቀደም ብሎ በብረት መቆሚያ ተደገፈ፣ አክስሉ በክሪክ ተያዘ። አክስሉ ካልተያዘ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን) ሲፈታ ይወድቃል፤ የፍሬን ላስቲኩም አብሮ ይሳባል። የዩ ቦልቶቹ ዳዶዎች ማታውን ሙሉ የዝገት ማላቀቂያ ጠጥተው አድረው ስምንቱም ወጡ። ዩ ቦልት አንዴ ተሳስቦ ከተጠበቀ በኋላ ተመልሶ አይገጠምም፤ አራት አዲስ ታዘዘ።

መሬት ላይ ሲዘረጋ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ተወጥሮ እስከ መሃል ያለው ጉብጠት ግራው 92፣ ቀኙ 118። የግራው ሁለተኛ ደርብ መሃል ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ስብራቱ ውስጥ ያለው ዝገት የቆየ ነው። ዩ ቦልት ሲላላ ብረቶቹ መሃላቸው ላይ መታጠፍ ይጀምራሉ፤ በጣም የሳሳው ቦታ ደግሞ ቀዳዳው ነው። በሌላ አባባል ሰባሪው ጭነቱ አይደለም፣ ያልጠበቀ ዳዶ ነው።

መሻሻል የሚገባው አንድ አነጋገር አለ። «ባሌስትራው ደከመ» ሲባል ለስልሷል ማለት ይመስላል። አይደለም። የቀኙ ባሌስትራ ምንም ስብራት ሳይኖረው ተዘርግቷል፤ ለአንድ ሚሊ የሚጠይቀው ክብደት ግን ህዳር 8 ከገባው አዲስ ባሌስትራ ጋር ሲተያይ እምብዛም አይለይም። ብረት ሲቆይ ጉብጠቱን ያጣል፣ ጥንካሬውን አያጣም። የለሰለሰው የተሰበረ ደርብ ያለበት ግራው ብቻ ነው።

ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ ነበር።

ቀጥቃጭ ጋ ወስዶ ማጉበጥ። በከሰል ቀልቶ፣ ተመትቶ፣ ውጭ አየር ላይ የቀዘቀዘ ባሌስትራ በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል። ነገር ግን እሳቱ የብረቱን ቅጣት (በፋብሪካ በሙቀት የተሰጠውን ጽናት) ስለሚያጠፋው በጥቂት ጭነት ተመልሶ ይዘረጋል። ሳይሞቅ በቀዝቃዛው እየተመታ የሚጎብጥ ከሆነ የተሻለ ነው፤ ሆኖም የተሰበረ ደርብ ላለው አይሆንም።

አንድ ደርብ መጨመር። ውፍረታቸው እኩል በሆነ አራት ደርብ ላይ አምስተኛ ሲጨመር ጥንካሬው ሩብ ያህል ያድጋል። ሁልጊዜ ተጭኖ ለሚሄድ ደህና ነው፤ ባዶውን በኮብልስቶን ለሚመለስ ግን ወገብ ይቆርጣል።

በሁለቱም ጎን አዲስ ሙሉ ባሌስትራ። ይህ ተመረጠ። አንድ ጎን ብቻ መቀየር ከዚህ ሥራ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ አዲሱና የተዘረጋው አብረው ቢቆሙ መኪናው ዘንባላ ይሆናል።

ሻክል (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው የሚያያይዘው ብረት) ማስረዘምም ተነስቶ ነበር። ሻክል የሚያነሳው አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ 40 ሚሊ የረዘመ ሻክል መኪናውን 20 ሚሊ ገደማ ብቻ ያነሳዋል፣ የዲፈረንሻሉንም አፍንጫ ያዘነብለዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ስብራቱን ይሸፍናል።

ህዳር 8፣ አዲሱ ባሌስትራ

መጀመሪያ የመጣው ጥንድ ተመለሰ። መልኩ፣ ርዝመቱ፣ የደርቡ ብዛት ልክ ነበር፤ በካሊፐር ሲለካ ግን የድሮው 7 ሚሊ ሲሆን ይኼኛው 8 ሚሊ ነው። አንድ ሚሊ ምን ታመጣለች የሚል ሰው ይህን ያስላ፦ የባሌስትራ ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ በሚሰጠው ቁጥር ልክ ነው። 8 በ8 በ8 ማለት 512 ነው፣ 7 በ7 በ7 ደግሞ 343። 512 ለ343 ሲካፈል 1.49 ይሆናል። ከድሮው በግማሽ ያህል የበለጠ የጠነከረ ባሌስትራ ነው። ባዶው መኪና በእያንዳንዱ ጎን ባሌስትራው ላይ 300 ኪሎ ያህል ቢያርፍ፣ ጉብጠቱ እኩል ሆኖ እንኳ ከመጀመሪያው 20 ሚሊ ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሱቅ ሲኬድ ካሊፐር ከሌለ የድሮውን አንድ ደርብ ይዞ መሄድ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥንድ አራት ባለ 7 ሚሊ ደርብና ከሥር አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አለው። ከድሮው ጎን ተጋድሞ መሃል ቡሎኑ ከየጫፉ ያለው ርቀት ተመሳከረ። ሲገባ የመሃል ቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ጠርዝ ላይ ተንጋዶ ቢጠበቅ አክስሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ መኪናውም መንገድ ላይ እንደ ሸርጣን ይራመዳል። የዩ ቦልት ዳዶዎች በመስቀል እየተዞረ በሦስት ዙር ጠበቁ። የፊት ጫፉና የሻክሉ ቡሎኖች እስከ መጨረሻው የጠበቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ህዳር 11 ላይ አለ።

ኋላ ግራ 525፣ ኋላ ቀኝ 526። የመምቻ ጎማ ክፍተት ግራ 85፣ ቀኝ 86።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው የሚከተለው ነው፦ ፊቱ ሳይነካ ፊት ግራ ከ462 ወደ 465 ወጣ፣ ፊት ቀኝ ከ471 ወደ 466 ወረደ። 9 ሚሊ የነበረው የፊት ማጋደል 1 ሚሊ ሆነ። መኪና እንደ አራት እግር ጠረጴዛ ነው፤ ኋላ ግራ ሲቀመጥ ክብደቱ በሰያፍ ይዛወራል፣ ፊት ቀኝ ይቀልና ይነሳል። ኋላው ሲስተካከል ፊቱ ራሱን አቃና። ከፊት ተጀምሮ የግራው ቶርሽን ባር ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ጤነኛው ፊት የኋላውን በሽታ ተሸክሞ ይቀር ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ይጀመር።

የጭነት ሙከራ እንደገና፦ በ2 ኩንታል ሁለቱም ጎን 21 ወረዱ። በ4 ኩንታል 42። በ6 ኩንታል ግን 63 መሆን ሲገባው 56 ብቻ። ከ50 ሚሊ ገደማ በኋላ የሥሩ ወፍራም ብረት መንካት ጀምሯል ማለት ነው፤ ሥራው ይኸው ነው። በ6 ኩንታልም ከመምቻው 29 ሚሊ ይቀረዋል።

ህዳር 9፣ ፍሬን

ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል። ኋላው ሲነሳ ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ይረዳል፣ የኋላ ፍሬኑንም ይቀንሳል። በዘንጉ ላይ የቆየ የዝገት መስመር ይታያል፤ ዳዶው ግን ከመስመሩ ርቆ ታስሯል። ኋላው ቁጭ ሲል አንድ ሰው ለዚያ ከፍታ አስተካክሎት ነበር። ወደ መስመሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በግፊት መለኪያ ተረጋገጠ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ተጭኖ የሚወርድ መኪና ይህን በዓይን ገምቶ አይተወውም። አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ የፍሬን ላስቲኩና የእጅ ፍሬን ገመዱ እንደማይወጠሩም ታየ።

ህዳር 10 እና 11፣ ፊት

የሎወር አርም (ጎማውን የሚይዘው የታች ክንድ) ጎሚኒዎች፣ ማለትም የመጋጠሚያው ጎማዎች፣ እና የታች ቴስቲናዎች (ባለ ኳስ መጋጠሚያዎች) ተቀየሩ። ሎወር አርሙን የሚይዙት ቡሎኖች ካምበርና ካስተር (የጎማው የዝንባሌ ማዕዘኖች) የሚስተካከልባቸው ሞላላ ራስ አላቸው፤ ከመፈታታቸው በፊት ቦታቸው በሹል ብረት ተጫረ። ጠመኔ ዘይት ሲነካው ይጠፋል።

ህዳር 10 ማታ ሲለካ ፊት ግራ 472፣ ፊት ቀኝ 473። በጎሚኒ ብቻ 7 ሚሊ! ይህ የውሸት ከፍታ ነው። ቡሎኖቹ የጠበቁት መኪናው በመቆሚያ ላይ ሳለ፣ አርሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው። ጎሚኒው ውስጥ ያለው ጎማ ከውስጡም ከውጪውም ብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ተንጠልጥሎ ሲጠበቅ ያ ቦታ ማረፊያው ይሆናል፤ መኪናው ሲወርድ ጎማው እንደ ሞላ ይታገላል። ባለቤቱ «ተነሳ» ብሎ ይደሰታል፤ በጥቂት ወራት ጎማው ይቀደድና ከፍታውም ጎሚኒውም አብረው ይሄዳሉ።

ህዳር 11 ጠዋት መኪናው በጎማው ቆሞ ቡሎኖቹ ላሉ፣ ተጨፈለቀ፣ እንደገና ጠበቁ። ፊት ግራ 465፣ ፊት ቀኝ 465። ጎሚኒ ከፍታ አይጨምርም።

ቀጥሎ ቶርሽን ባር። ከኋለኛ ጫፉ ያለው ማስተካከያ ቡሎን ከዳዶው ስንት ሚሊ እንደወጣ ተጻፈ፦ ግራ 41፣ ቀኝ 44። ክሩ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ግሪስ ተቀባ፤ ፊቱም በክሪክ ተነስቶ ክብደቱ ቀለለ። ክብደት እንዳለበት በደረቁ የሚያዞር ሰው ክሩን ይልጣል። ባሮቹ አልወጡም፤ ከወጡ ግራና ቀኝ እንዳይቀያየሩ ጫፋቸው ላይ ያለው ምልክት ይታያል፣ ጥርሳቸውም ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበታል።

አንድ ሙሉ ዙር ጎማው ላይ 4 ሚሊ ገደማ ሰጠ። አምስት ዙር፦ ፊት ግራ 485፣ ፊት ቀኝ 484። ቀኙ ላይ ሩብ ዙር ተጨምሮ 485።

ለምን 485? በ4 ኩንታል ኋላው ከ526 ወደ 484 ይወርዳል፤ የዚህ መኪና የተለመደ ጭነትም ይኸው ነው። ተጭኖ ሲቆም ፊትና ኋላው ይተካከላሉ፤ በበሩ ደፍ ላይ የተቀመጠው ውሃ ልክም ይህንኑ አሳየ። ባዶውን ኋላው ትንሽ ይነሳል፣ ይነሳ።

ከዚህ በላይ ማዞር ይቻል ነበር፣ ቡሎኑ ገና ክር አለው። ነገር ግን ማዞር ባሩን አያጠነክረውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ይቀይራል። ወደ ላይ የተገኘው ሚሊ ሁሉ ወደ ታች ካለው ጉዞ የተወሰደ ነው። አፐር አርሙ (የላይኛው ክንድ) ከታችኛው መገቻ ጎማ ያለው ክፍተት ከ34 ወደ 24 ወርዷል። አሥር ዙር ቢሆን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ አርሙ መገቻውን እየመታ ይንኳኳል፣ የፊት አክስሎቹ ማዕዘን ይከራል፣ የሲቪ ላስቲኮቹም (የአክስሎቹን መጋጠሚያ የሚሸፍኑት) በቶሎ ይቀደዳሉ።

ሲባጎ ተወጥሮ በጎማዎቹ የፊትና የኋላ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ሲለካ ልዩነቱ 7 ሚሊ ሆኗል። ከፍታ ሲቀየር ቶ-ኢን (የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውስጥ መጠጋቱ) ሳይቀየር አይቀርም። ለጊዜው በቲራንቲዎቹ (የመሪው ዘንጎች) ወደ 2 ሚሊ ተመልሶ፣ ባህር ዳር ላይ በማሽን አላይመንት ተሠራ።

ህዳር 18፣ ከ210 ኪሎ ሜትር በኋላ

አስፋልት እስከ ፍኖተ ሰላምና ኮሶበር፣ ጠጠር መንገድ ወደ ሽንዲ፣ ግማሹ ባዶ ግማሹ በ4 ኩንታል።

ኋላ ግራ 520፣ ኋላ ቀኝ 520፣ ፊት ግራ 482፣ ፊት ቀኝ 482።

አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያ ጉዞው ደርቦቹ እየተናበቡ ስለሚቀመጡ 5 እና 6 ሚሊ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። የዩ ቦልት ዳዶዎቹ ስምንቱም ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ፤ የቀደመውን ባሌስትራ የሰበረው ይህች ሳትጠበቅ የቀረች ሩብ ዙር ናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

የፊት መብራትም ተስተካክሏል። ከመጀመሪያው ልኬት ፊቱ በአማካይ 15.5፣ ኋላው 32.5 ሚሊ ስለተነሳ መኪናው 17 ሚሊ ወደ ፊት አዘንብሏል። በሁለቱ አክስሎች መካከል 2,850 ሚሊ አለ፤ ስለዚህ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ብርሃኑ 6 ሳንቲ ያህል ዝቅ ብሎ ይወድቃል። ግድግዳ ላይ ምልክት ተደርጎ ያንኑ ያህል ተነሳ።

በሚቀጥለው የሚታይ፦ በ1,000 ኪሎ ሜትር የዩ ቦልት ዳዶዎች እንደገና፣ የቀኝ ፊት ሲቪ ላስቲክ እጥፋቱ ላይ የታየው ትንሽ ስንጥቅ፣ እና አራቱ ልኬቶች፤ በዚያው ወለል፣ በዚያው ጣውላ ላይ።